ገመናን ማደስ

ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ይኖራሉ። የሥራ ዘመናቸውን በለንደን ሲኒማ ቤቶች፣ ከተመልካቹ ጀርባ ባለችው በዚያች ጠባብ የማሽን ክፍል ውስጥ፣ ፊልም ሲያሳዩ ያሳለፉ ሰው ናቸው። መኪና የላቸውም፤ ጋራዥ ግን አላቸው። አንድ ቀን ዕቃ ሳግዛቸው ጋራዡን ቢከፍቱት ኃይለኛ የአቼቶ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠው። «ጠርሙስ ተሰብሮብዎት ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ አሉና፣ «ጠርሙስስ አይደለም፤ ፊልሞቼ እየሞቱ ነው» አሉኝ።

ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ክብ ክብ ቆርቆሮዎች አየሁ። መቼም ሲኒማ የምወድ ሰው ነኝና የሂችኮክ ወይም የዴቪድ ሊን ሥራ የማገኝ መስሎኝ፣ ቀረብ ብዬ በየቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። የጠበቅሁት አልነበረም። በ1970ዎቹ እንግሊዝ አገር በገፍ ይሠሩ የነበሩት የወሲብ ቧልት ፊልሞች ናቸው። መስኮት ወልዋዩ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ባለታክሲው፣ የመኪና መንዳት አስተማሪው፣ ሁሉም በየተራው ሥራውን ትቶ፣ ሱሪውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ሳይታሰብ ከመጣ ባል የሚሸሽባቸው ፊልሞች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሽማግሌው በፊልሞቹ የሚያፍሩ አይመስሉም ነበር። ሲያፍሩ ያየኋቸው ከወራት በኋላ ሁለት ደብዳቤዎች ይዘው ቤቴ በመጡ ጊዜ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከቆርቆሮዎቹ በአንዱ ውስጥ ሃያ ደቂቃ የምትሆን፣ ከዋናው ፊልም በፊት ትታይ የነበረች አንዲት አጭር ፊልም አለች። እሳቸው እንደሚያምኑት ሌላ ኮፒዋ የትም የለም። ይህንኑ በአንድ የአሰባሳቢዎች ስብሰባ ላይ ተናግረው ኖሮ፣ አሮጌ ፊልም እያደሰ በዲስክ የሚሸጥ አንድ ድርጅት «ይስጡንና እናድሳት» ብሎ ጻፈላቸው። ወሬው በምን መንገድ እንደደረሳት እንጃ፣ ሁለተኛው ደብዳቤ ደግሞ ከአንዲት ሴት ነበር። ፊልሟ ስትሠራ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ ትላለች። ለአንድ ቀን ሥራ ጠሩኝ፤ ልብሴን አወለቅሁ፤ ተከፈለኝ፤ ሄድኩ። ዛሬ የልጅ ልጆች አሉኝ። ስሜ በፊልሟ ላይ የለም፤ ፊቴ ግን አለ። እባክዎ ያጥፉልኝ።

«አንተ መጽሐፍ የምታገላብጥ ሰው ነህ፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ። የዚያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ሻይ አፍልቼ ስለ አየሩ ስናወራ አመሸን። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄው ከእኔው ጋር አድሯል።

መጀመሪያ ስለ ፊልሞቹ ራሳቸው ላውጋችሁ፤ ጥያቄው ቀላል የሚመስለው ፊልሞቹን ለማያውቅ ሰው ነውና።

እንግሊዞች በ1946 ብቻ ከ1.6 ቢሊዮን በላይ የሲኒማ ትኬት ቆርጠዋል። በ1970 ቁጥሩ ከ200 ሚሊዮን በታች ወረደ። ቴሌቪዥን ሕዝቡን እቤቱ አስቀመጠው። በ1960ዎቹ በእንግሊዝ ፊልም ላይ ገንዘባቸውን ያፈሰሱት የአሜሪካ ኩባንያዎችም በዘመኑ ማብቂያ ላይ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የቀረው ፊልም ሠሪ እንግዲህ ራሱን የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ቴሌቪዥን የማያሳየው ምንድን ነው? መልሱ ዕርቃን ገላ ነበር። በ1970 የሳንሱሩ ቦርድ «ኤክስ» የተባለውን የአዋቂዎች ፊልም መግቢያ ዕድሜ ከ16 ወደ 18 ከፍ አደረገው። ልጆቹ ከበሩ ሲመለሱ፣ ከበሩ ወዲያ ለአዋቂዎቹ የሚፈቀደው ነገር በዚያው ልክ ሰፋ።

ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ። በ1950 ተጀምሮ በ1957 በሕግ የጸና፣ በአንድ የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ስም «የኢዲ ቀረጥ» የሚባል ነገር ነበር። ከሲኒማ መግቢያ ዋጋ ጥቂት እየተቆረጠ ለእንግሊዝ ፊልም ሠሪዎች፣ ፊልማቸው ባስገባው ገንዘብ መጠን ይከፋፈላል። ዓላማው ያገሩን ሲኒማ ከአሜሪካ ጎርፍ ማዳን ነው። ሕጉ ግን ፊልሙ ስለምን እንደሚያወራ አይጠይቅም። ስለዚህ ቀረጡ በ1985 እስኪቀር ድረስ ሱሪውን ያወለቀው መስኮት ወልዋይም ከሼክስፒር አገር የባህል ድጎማ ድርሻውን ይወስድ ነበር። አጫጭር ፊልሞችም ድርሻ ነበራቸው። የጎረቤቴ ፊልም የተሠራችው ለዚያች ድርሻ ተብሎ ቢሆን አይደንቀኝም።

ከሁሉ ስመ ጥሩ የሆነው «የመስኮት ወልዋይ ኑዛዜ» በ1974 ወጣ። ተቺዎች ረገሙት፤ ሕዝቡ ግን ተሰልፎ ገባ። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ ብዙ ገንዘብ ካስገቡት ያገሩ ፊልሞች አንዱ ሆነ፤ እስከ 1977 ድረስም ሦስት ተከታዮች ወለደ። ዲሬክተሩ ቫል ጌስት ቀደም ሲል የተከበሩ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞችን የሠራ ሰው ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሮቢን አስክዊዝ ሲጫወት፣ የእኅቱን ባል ሆኖ የቀረበው ቶኒ ቡዝ ነበር፤ የቡዝን ልጅ ያገባው ቶኒ ብሌር በ1997 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። መጽሐፉን በብዕር ስም የጻፈው ክሪስቶፈር ዉድ በ1977ና በ1979 በወጡት የጄምስ ቦንድ ፊልሞች ጽሑፍ ላይ ሠርቷል። በ1975 «ኤስኪሞ ኔል» የተባለውን ፊልም የመራው ማርቲን ካምቤል ደግሞ በ1995ና በ2006 ሁለት የቦንድ ፊልሞችን መርቷል። (ኤስኪሞ ኔል በእኔ ሚዛን ከነዚህ ሁሉ ብልሁ ነው። ወጣቶች የወሲብ ፊልም ሊሠሩ ተነሥተው፣ ገንዘብ የሚሰጣቸው ሰው ሁሉ የየራሱን ዓይነት ፊልም ሲጠይቃቸው የሚገቡበትን መከራ ያሳያል። በራሱ ላይ የሚስቅ ነገር ሁልጊዜ ከሌላው ይሻላል።)

ይህን ሁሉ ስም የምጠራው ለወሬ ብዬ አይደለም። እነዚህ ፊልሞች ከጨዋው ሲኒማ ተለይተው በሌላ ዓለም፣ በሌላ ዘር የተሠሩ አይደሉም ለማለት ነው። ካሜራ ያነሣው፣ መብራት ያበራው፣ ቀሚስ የሰፋው ያው ሰው ነው። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሲኒማ ታሪክ እነሱን ቆርጦ የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው የሌላ አገር ታሪክ ነው።

ጥሩ ፊልሞች ናቸው ወይ? አይደሉም። ጎረቤቴ እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ አብዛኞቹን ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። የገረመኝ ብልግናቸው አይደለም፤ ደስታ ማጣታቸው ነው። ሰማዩ ግራጫ ነው፣ የግድግዳው ወረቀት ቡናማ ነው፣ ክፍሉ የበረደ ይመስላል። ወንዱ ፈሪ ነው፤ ሴቲቱ አንድም ሞኝ፣ አንድም ጅብ ናት። የሚፈለገው ነገር ሊገኝ ሲል በር ይንኳኳል። ጥቁር ወይም ህንዳዊ ሰው ብቅ ካለ ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው ሊሳቅበት ነው። በአንጻሩ ደግሞ ካሜራው ሳያስበው የያዘው ነገር አለ፤ ዛሬ የሌሉ ሱቆች፣ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ የቆሙ አሮጊቶች፣ ቀረጻውን ቆመው የሚያዩ የሰፈር ልጆች። ውድ ፊልም በስቱዲዮ የገነባውን ለንደን ሲያሳይ፣ ርካሹ ፊልም ገንዘብ ስላነሰው እውነተኛውን መንገድ አሳየ።

በ1977 የወጣው «ነይ ከእኔ ጋር ተጫወቺ» የሚባለው ፊልም («ና ተጫወት» ተብሎም ሊተረጎም ይችላል፤ እንግሊዝኛው ጾታ አይለይም) በሶሆ ሰፈር በአንድ ሲኒማ ቤት ሳይወርድ ወደ አራት ዓመት ገደማ ታይቷል። ያን ያህል ሕዝብ የጎተተው በአሳታሚው በዴቪድ ሰሊቫን መጽሔቶች ላይ የተነዛው የማስታወቂያ ወሬ ነው። ገብቶ የተቀመጠው ሰው ያየው ግን በአብዛኛው ያረጁ የመድረክ ቀልደኞችን፣ ሐሰተኛ ገንዘብ አትመው በአንድ የጤና መጠበቂያ ቤት የተደበቁ ሁለት ሽማግሌዎችን፣ በመሐል በመሐሉም ዕርቃናቸውን ብቅ የሚሉ ነርሶችን ነው። ከጎረቤቴ ተውሼ እቤቴ አየሁት። አንድ ጊዜ ሳቅሁ፤ በነርሶቹ ሳይሆን በአንዱ ሽማግሌ የእጅ አጣጣል። በዚያው ቅጽበት ልጄ ወደ ሳሎን ገባች። እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

ያቺን እጄን ቆይቼ እመለስባታለሁ።

አሁን ማደስ ስለሚባለው ሥራ። የዚያ ዘመን ፊልም መደቡ አሴቴት ይባላል። ዕድሜና ሙቀት ሲበዛበት አሴቲክ አሲድ ይተፋል፤ ለሰላጣችን የምንጠቀምበት አቼቶ ጉልበቱ ይኸው አሲድ ነው። አሲዱ ተመልሶ መበስበሱን ያፋጥነዋል፤ አንዱ ጥቅል የጎረቤቱን ያስነሣዋል። ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ በመጨረሻም ማሽን ላይ የማይወጣ ይሆናል። በሽታው በዓለም ዙሪያ የሚጠራው በሽታው ነው፤ በ2012 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ፣ እንዲህ ያሉ የተናቁ ፊልሞችን የሚያድስ አንድ ድርጅት ስሙን ያወጣው ከዚሁ የአቼቶ በሽታ ነው። ቀለሙም በፊናው ይሸሻል። የ1970ዎቹ ኮፒ ሰማያዊውና ቢጫው እየከዳው ሐምራዊ ቀይ ብቻ ይቀራል። ባሕሩም፣ ሣሩም፣ የሰው ፊትም አንድ መልክ ይይዛል።

አዳሹ ከተገኘ ከዋናው ኔጋቲቭ፣ ካልተገኘ ካልተጎዳው ኮፒ ይጀምራል። ፊልሙን ያጥባል፤ የላላውን መጋጠሚያ ያጣብቃል፤ የተቀደደውን ቀዳዳ ይጠግናል። ከዚያ እያንዳንዱ ምስል ጭረቱን በሚሞላ ፈሳሽ ውስጥ እያለፈ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። በሴኮንድ 24 ምስል ነውና የጎረቤቴ የሃያ ደቂቃ ፊልም እንኳ 28,800 ምስል ናት። ቀጥሎ አንድ ሰው ተቀምጦ አቧራውን ይለቅማል፣ የሸሸውን ቀለም ይመልሳል። ይህን ሳስብ አንድ ሥዕል ፊቴ ይደቀናል፤ ዛሬ የተወለደ የሚባል ወጣት በአንዲት ስሟን በማያውቃት ሴት ትከሻ ላይ ከሃምሳ ዓመት በፊት የወደቀች አቧራ ለማንሣት ቀኑን ሙሉ ሲደክም። ለገዛ እናቱ ፎቶግራፍ ያን ያህል የሚጠነቀቅ ስንቱ ነው? ፍቅር አይደለም እንዳልል፣ ይመስላል። ነውር አይደለም እንዳልልም፣ እሱንም ይመስላል።

ምክንያቱም ማደስ ወደ ነበረበት መመለስ አይደለም። ያን ጊዜ እነዚህን ሴቶች ማንም እንዲህ አጥርቶ አላያቸውም። ኮፒው የተጫጫረ፣ አዳራሹ በሲጋራ ጢስ የታፈነ፣ የማሽኑ መብራት የደከመ ነበር። ፊልሙ ሁለት ሳምንት ታይቶ ይሄዳል፤ ሴቲቱም ውሉን የፈረመችው ለዚያ ጢስና ለዚያ ሁለት ሳምንት ነው። ዛሬ በብርሃን ተጥለቅልቃ፣ ቆም ብላ፣ ቀርባና ጎልታ ለዘለዓለም ልትታይ ነው። ውሉ ይህን ያውቅ ነበር? ጠበቃ «ሁሉንም መብት ለቃለች» ይል ይሆናል። የጠየቅሁት ግን ጠበቃውን አይደለም።

ይህን ብዬ ለጎረቤቴ ብነግራቸው ተቆጡ። ቁጣቸው ተገቢ ነው፤ ከኋላው የአንድ ሙያ ታሪክ አለና። ኮፒዎች ለሲኒማ ቤቶች ይከራያሉ እንጂ አይሸጡም ነበር። ጊዜያቸው ሲያልፍ እንዲወድሙ ይታዘዛል፤ ይቆራረጣሉ፣ ይጣላሉ። ስለዚህ ዛሬ በሰው እጅ ያለው አሮጌ ኮፒ ብዙው የተረፈው አንድ ሰው ትእዛዝ ስላላከበረ ነው። በ1974 የአሜሪካ የፌዴራል ፖሊስ የተዋናዩን የሮዲ ማክዶዋልን ቤት ፈትሾ የፊልም ስብስቡን ወስዶበታል። አሰባሳቢ ማለት በአንድ ዘመን ሌባ፣ በሌላው ዘመን ባለውለታ የሚባል ፍጡር ነው።

ቤተ መዛግብቱም ቢሆኑ በዚሁ ጥያቄ ተከራክረዋል። በ1935 የተመሠረተው የእንግሊዝ ብሔራዊ የፊልም ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያ ኃላፊ ኤርነስት ሊንድግረን መርጦ ማኖርንና ለመጪው ትውልድ ማቆየትን ያስቀድም ነበር። የፓሪሱ አንሪ ላንግልዋ ደግሞ ሁሉንም ሰብስቦ ሁሉንም ማሳየት ነበር እምነቱ፤ ዋጋውን የሚያውቀው መጪው ዘመን እንጂ እኛ አይደለንም ባይ ነው። ዛሬ ላንግልዋ ያሸነፈ ይመስላል። የእንግሊዝ የፊልም ኢንስቲትዩት ከ2009 ጀምሮ የተረሱና የተናቁ ፊልሞችን የሚያወጣበት አንድ ተከታታይ አለው፤ በ1968 የተሠራችውንና ከእንግሊዝ የመጀመሪያ የወሲብ ድራማዎች አንዷ ተብላ የምትቆጠረውን «የግል ገሃነሟ»ን አድሶ አውጥቷል። ዋናዎቹ ጥቅሎች ጌይደን በሚባል ስፍራ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣሉ። የተከበረውም ያልተከበረውም እኩል በርዶት ይኖራል።

«ታሪክ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ቃል ብዙ ነገር የሚሸፍን ጋቢ መሆኑንም አንርሳ። ስንቱ ሰው ዲስኩን ሲገዛ የግድግዳውን ወረቀት ለማጥናት ነው? በዚህ ረገድ ጎረቤቴ ከብዙ ምሁር ይልቅ ሐቀኛ ናቸው። «ታሪክ አትበለኝ፤ ወጣትነቴ ነው» አሉኝ። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሆነው፣ ከማሽኑ አጠገብ ቆመው፣ በዚያች ትንሽ መስኮት የተመልካቹን ራስ መላጣ ይቆጥሩ እንደነበር ነገሩኝ። ዝናብ የሸሹ ነጋዴዎች፣ ሥራ የፈቱ ወጣቶች፣ ሚስት የሞተባቸው ሽማግሌዎች። «ማንም አይስቅም ነበር» አሉ። የሚገርመው፣ ቧልት ተብሎ ሳቅ የሌለበት መሆኑ ነው።

የቅዱስ መጽሐፍን ነገር ማንሣት ግድ ሆነብኝ። ኖኅ ጠጥቶ ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን ተኛ። ካም አየና ወጥቶ ለወንድሞቹ አወራ። ሴምና ያፌት ልብስ በጫንቃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ በኋላ በኩል እየተራመዱ ገቡና አለበሱት። ከልጅነታችን የሰማነው ነው፤ ገመና የሚለውም ቃል በእኛ ዘንድ ያን ልብስ ያስታውሳል። ያቺ ቴሌቪዥኑን ያጠፋች እጄ ከሴምና ከያፌት የተማረች እጅ ናት። በዚህ ሚዛን ብንፈርድ አዳሹ ካም ነው፤ አይቶ ብቻ አልቀረም፣ አጥርቶ አወራ።

ነገር ግን ታሪኩን ደግሜ ሳስበው ሁለት ነገር አስተዋልኩ። አንደኛ፣ ሴምና ያፌት አባታቸውን ሸፈኑት እንጂ ድንኳኑን አላቃጠሉም። መሸፈንና ማጥፋት አንድ አይደሉም፤ የተሸፈነ ነገር ከነበረበት አለ። ሁለተኛ፣ እኛም ታሪኩን የምናውቀው አንድ ሰው ስለጻፈው ነው። ያ ጸሐፊ የኖኅን ስካር ቢዘለው ኖሮ ኖኅ በጨዋነቱ ይቀር ነበር፤ እኛ ግን ስለ መሸፈን የምናውቀው ነገር ባልኖረ። ጸሐፊው እንግዲህ ከሦስቱ ልጆች ከማንኛው ወገን ነው? ለዚህ ጥያቄ የሰማሁት ትርጓሜ የለም።

ፈላስፎችም ቢሆኑ ዝም አላሉም። በ1977 የእንግሊዝ መንግሥት የብልግናንና የፊልም ሳንሱርን ሕግ የሚመረምር ኮሚቴ አቋቁሞ ሰብሳቢነቱን ለፈላስፋው ለበርናርድ ዊሊያምስ ሰጠ። ኮሚቴው በ1979 ባወጣው ዘገባ ያቆመው መሠረት ጉዳት ነው፤ አንድን ነገር ለመከልከል አስጸያፊ መሆኑ አይበቃም፣ ጉዳት ማድረሱ መታየት አለበት። አስጸያፊው ነገር ከአላፊ አግዳሚው ዓይን ዘወር ይደረግ፤ ፈልጎ የሚሄድ አዋቂ ግን አይከልከል። ፈጽሞ እንዲታገድ ያለው፣ ሲሠራ ልጆች የተበደሉበትን ወይም በተሳታፊው ላይ አካላዊ ጉዳት የደረሰበትን ነው። ዘገባውን አደንቃለሁ፤ ሰከን ያለ ሰው የጻፈው ነው። ግን የጎረቤቴን ጥያቄ ወስጄ ብጠይቀው የሚመልስልኝ አጣሁ። ደብዳቤ የጻፈችው ሴት ልጅ አልነበረችም፤ ማንም አልመታትም። ፈቅዳ ገብታ ተከፍሏት ወጣች። ጉዳቱ፣ ጉዳት ከተባለ፣ የደረሰው ያን ቀን አይደለም፤ ፊልሟ ስትታደስ ነው ሊደርስ ያለው። ለሁለተኛ ጊዜ ልትወልቅ ነው፤ አሁን ደግሞ ሳትጠየቅ።

ያው ዘገባ በወጣበት በ1979 ነሐሴ ወር ላይ ሜሪ ሚሊንግተን በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ሞተች። የዚያ ዓለም ታላቋ ኮከብ እሷ ነበረች፤ «ነይ ከእኔ ጋር ተጫወቺ» ላይ ከነርሶቹ አንዷ ናት። ብዙ መድኃኒት ውጣ ነበር። ፖሊስ ይፈትሻት፣ የግብር ዕዳ ያሳድዳት እንደነበር በተዋቸው ደብዳቤዎች ገልጻለች። በዓመቱ፣ በ1980፣ በስሟ የተጠራ ፊልም ወጣ፤ የሞተችዋን ሴት ሕይወት ራሱን ትኬት አድርገው ሸጡት። ከዚህ ሁሉ ዘመን ፊልሞች እውነተኛ ብልግና የምለው አንድ ቢኖር ይኸው ነው፤ ገላዋ ስለታየበት ሳይሆን ሞቷ ስለተነገደበት። ሆኖም በ2016 ስለ ሕይወቷ አንድ ዘጋቢ ፊልም ተሠራ፤ የተሠራው ሰዎች ፊልሞቿን፣ ፎቶግራፎቿንና ትዝታዋን ሳይጥሉ ስላቆዩ ነው። ፊልሞቿ ተቃጥለው ቢሆን ኖሮ የሚቀረው የሞተችበት ቀንና የጋዜጣ ርዕስ ነበር። በእነዚያ መጥፎ ፊልሞች ውስጥ ትስቃለች፤ ስትስቅ ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየች፣ እውነተኛ ደስታ ያላት ትመስላለች። ያን ሳቅ የማጥፋት መብት ለማን ልስጠው?

እንዲህ ስል ደግሞ ራሴን እይዛለሁ። ሜሪ ኮከብ መሆን ፈልጋ ነበር፤ ስሟን በትልቁ እንዲጻፍ ወድዳለች። የጎረቤቴ ደብዳቤ ጸሐፊ ግን የአንድ ቀን ሠራተኛ ናት። የሁለቱን ጉዳይ በአንድ ሚዛን መስፈር፣ ዘፋኝን የሚሰሙበትን ጆሮ በጎረቤት ግድግዳ ላይ እንደ መለጠፍ ነው።

ለምን ፊልሟን ለራሷ ለሴትዮዋ አይሰጧትም የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እኔም ብያለሁ። ሽማግሌው ጥቅሏን በአሮጌ ማያ ላይ አሳዩኝና ተረዳሁ። ቀልታለች፤ ዳርዳሯም ተጣሟል። በውስጧ አራት ሰዎች አሉ። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ወጣት ወንድ፣ ደግሞም አንድ በዕድሜ የገፋ ቀልደኛ፣ ባርኔጣውን በእግሩ እያነሣ ራሱ ላይ የሚጥል። ጎረቤቴ እንደሚሉት ያ ሰውዬ በወጣትነቱ በየከተማው መድረክ ላይ የታወቀ ነበር፤ ቴሌቪዥን መጥቶ ሥራ አሳጣው። ያቺን የባርኔጣ ጨዋታ የያዘች ሌላ ፊልም ስለመኖሯ እሳቸው አያውቁም። ደብዳቤ የጻፈችው የትኛዋ ሴት እንደሆነች አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ሌላዋ ሴት በሕይወት ትኑር፣ ትሙት፣ ልጆቿ እናታቸውን በሃያ ዓመቷ ስትንቀሳቀስ ማየት ይሹ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ፊልሟን ለአንዷ መስጠት የአራቱን ነገር በአንዷ ማስወሰን ነው። ለድርጅቱ መስጠት ደግሞ የአራቱን ነገር አንዳቸውንም በማያውቅ ሰው ማስወሰን ነው። ጋራዡ ውስጥ መተው ለአቼቶው መተው ነው፤ እሱ ደግሞ ማንንም አይጠይቅም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሻግሬ ሄድኩና ያሰብኩትን ነገርኳቸው። «አያጥፏት። ለድርጅቱም አይስጡ። በሁለት ላስቲክ አሽገው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጧት። ቅዝቃዜ በሽታውን ጨርሶ ባያድነውም ለብዙ አሥር ዓመታት ያዘገየዋል። ለሴትዮዋም ይህንኑ ይጻፉላት፤ ማንም እንደማያያት፣ ግን እንዳልጠፋች።»

አሰቡበት። መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉ። «እስከ መቼ?»

«በሕይወት እስካሉ ድረስ» አልኩ።

«እኔ ወይስ እሷ?»

«እሷ።»

«እንግዲያው ሞቷን ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነው የምትለኝ?»

መልስ አልሰጠሁም። ያልኩት ነገር እሱው ነበር፤ እሳቸው በቀጥታ እስኪሉት ድረስ ግን እንደዚያ ሆኖ አልተሰማኝም። እኔ ልብስ በጫንቃዬ የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

ደብዳቤውን አብረን ጻፍነው። ሦስት ጊዜ ቀደድነው። በመጨረሻው ላይ ሽማግሌው በገዛ እጃቸው፣ እኔ ሳልነግራቸው፣ ባለባርኔጣውን ሰውዬ ታስታውሺዋለሽ ወይ የሚል አንድ መስመር ጨመሩበት። ከተላከ አራት ወር ሆነው፤ መልስ አልመጣም። ፊልሟ ወጥ ቤታቸው ባለው ፍሪዘር ውስጥ፣ ከአተሩ ከረጢት ሥር ናት። ባለፈው ሳምንት ሻይ ሲጋብዙኝ ወተት ሊያወጡ የታችኛውን በር ትተው የላይኛውን በስሕተት ከፈቱት፤ አዩኝ፣ አየኋቸው፣ ቀስ ብለው ዘጉት።